ከልጅ ተፈሪ እስከ ንጉሠ ነገሥት፦ የአንድ ንጉሥ ሕይወት በማዕርጋቱ ሲመረመር

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ይህ ተረት አጭር ቢሆንም በውስጡ ያለው ነገር ቀላል አይደለም። ሰማይን ማረስ የማይቻለው ከሰው እጅ ርቆ ስላለ ነው፤ ንጉሥን መክሰስ የማይቻለው ግን ለምንድን ነው? ንጉሥ እንደ ሰማይ ርቆ የተፈጠረ ሳይሆን እንደ እኛው ከእናት የተወለደ ሰው ነውና፣ ከሰው እጅ የሚያርቀው ሌላ ነገር መኖር አለበት። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በተፈቀደልን ጊዜ ይህን ጥያቄ መረጥን። ለጥያቄውም መልስ የምንፈልገው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እሳቸው የአገራችንን የማዕርግ መሰላል ከታችኛው እርከን እስከ ላይኛው አንድ በአንድ የወጡ ሰው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅና ደጃዝማች

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ. ም. በሐረርጌ ውስጥ ኤጀርሳ ጎሮ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የሐረርጌ ገዥ ራስ መኮንን፣ እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ናቸው። ራስ መኮንን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ ለዳግማዊ ምኒልክ የቅርብ ዘመድ ናቸው። «ተፈሪ» ማለት የሚፈራ ማለት ሲሆን፣ «ኃይለ ሥላሴ» የክርስትና ስማቸው ነበር። እናታቸው የሞቱባቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

የመጀመሪያው መጠሪያቸው የመኳንንት ልጆች ሁሉ የሚጠሩበት «ልጅ» የሚለው ነው። ይህ ማዕርግ ከአባት የሚገኝ እንጂ በሥራ የሚገኝ አይደለም። ትምህርታቸውንም የጀመሩት እዚያው ሐረር ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ዘንድ ነው። አባ ሳሙኤል በካፑቺን ሚስዮን የተማሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፣ ይህ መምህር በ1907 ዓ. ም. በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ መሞታቸውን ስናነብ አዝነናል። በዚያች ጀልባ ውስጥ ተማሪያቸው ተፈሪም ነበሩ፤ እሳቸው ግን ተርፈው ወጡ።

በ1898 ዓ. ም. በ13 ዓመታቸው አባታቸው የደጃዝማችነት ማዕርግ ሰጥተው የጋራ ሙለታ ገዥ አደረጓቸው። «ደጃዝማች» ሲተረጐም የደጁ አዝማች፣ ማለት በንጉሡ ድንኳን ደጃፍ የሚሰፍረውን ጦር የሚያዝ ነው። ፊታውራሪ በፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ እንደሚሰለፉ ሁሉ ደጃዝማችም ስፍራው የታወቀ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ እንድትል እንለምንሃለን፦ እነዚህ ማዕርጎች ሁሉ የሚያመለክቱት ሰውየው የት እንደሚቆምና ማንን እንደሚጠብቅ ነው። ስለዚህ ማዕርግ በመጀመሪያው ትርጉሙ የሥራ ስም እንጂ የክብር ጌጥ አልነበረም። ደጃዝማች ሥራውን ቢያጐድል የሚጠይቀው ራስ፣ ራስም ቢያጐድል የሚጠይቀው ንጉሥ ነበረ።

በዚያው በ1898 ዓ. ም. መጋቢት ወር ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ ሞቱ። ወጣቱ ደጃዝማች ወደ አዲስ አበባ ተጠርተው በምኒልክ ቤተ መንግሥት አጠገብ ተቀመጡ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ተማሩ። በስም የሰላሌ፣ ቀጥሎም የሲዳሞ ክፍል ገዥ ከሆኑ በኋላ በ1902 ዓ. ም. የአባታቸው ግዛት ሐረርጌ ተሰጣቸው። በ1903 ዓ. ም. ወይዘሮ መነንን አገቡ።

ራስና አልጋ ወራሽ

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ ቀደም ብሎ ወራሽ ተብለው በታወጁት በልጅ ልጃቸው በልጅ ኢያሱ እጅ ነበረ። ልጅ ኢያሱ ከመኳንንቱና ከቤተ ክህነቱ ጋር ተጣሉ፤ በ1908 ዓ. ም. መጨረሻ ላይም ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾሟቸው። መኳንንቱ ግን መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪም በ24 ዓመታቸው ራስ፣ አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ። በወሩ ጥቅምት 17 ቀን የኢያሱ አባት የንጉሥ ሚካኤል ጦር ሰገሌ ላይ ድል ሆነ።

በዚህ ጊዜ የነበረው መንግሥት በሦስት እጅ የተከፈለ ነበር። ዘውዱ በንግሥት ዘውዲቱ፣ ጦሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የውጭ ጉዳይና አዲሱ ሥራ በራስ ተፈሪ እጅ ነበረ። ራስ ተፈሪ የፈለጉትን ሁሉ ማድረግ አይችሉም ነበር፤ ማስረዳት፣ መለመን፣ መጠበቅ ነበረባቸው። ነገር ግን ሥራቸውን ስንመለከት እጅግ ፍሬያማ ከሆኑት ዓመታቸው እነዚህን እናገኛለን። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ. ም. በመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ባሮችን ነፃ ለማውጣት ሕግ ወጣ፤ አልጋ ወራሹም ወደ ኤውሮፓ ተጕዘው ብዙ አገሮችን ጐበኙ። በ1917 ዓ. ም. በስማቸው የተጠራው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣም መታተም ጀመረ። ይህ ሁሉ የተሠራው «እምቢ» ሊላቸው የሚችል ሰው በአጠገባቸው በነበረበት ጊዜ መሆኑን ለኋላው እናስታውስ።

ንጉሥ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በ1919 ዓ. ም. ሞቱ። ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ. ም. አልጋ ወራሹ የንጉሥነት ዘውድ ደፉ። ቀድሞ የንጉሥነት ማዕርግ ሲሰጥ ከአገር ጋር ነበረ፤ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም፣ ሚካኤል የወሎ እንደ ተባሉ ማለት ነው። የንጉሥ ተፈሪ ግን በአንድ አውራጃ የተወሰነ አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ. ም. የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም በተባለ ስፍራ ተዋግተው ሞቱ፤ በዚያም ጦርነት አውሮፕላን ሠርቷል። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። እንግዲህ ከንጉሡ በላይም ሆነ በአጠገባቸው የቆመ ሰው አልቀረም።

ንጉሠ ነገሥት

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. በመናገሻ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ቄርሎስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። እቴጌ መነንም በዚያው ቀን ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠሪያቸው «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ሆነ።

ይህን ረዥም ስም ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ቢመረምረው አንድ ነገር ያገኛል። «ሞዐ» ማለት ድል አደረገ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንጂ የሰው መጠሪያ አይደለም። በዮሐንስ ራእይ 5ኛ ምዕራፍ መሠረት ድል ያደረገው አንበሳ ክርስቶስ ነው። የቀድሞ ነገሥታት ይህን ቃል በማኅተማቸውና በደብዳቤያቸው ራስ ላይ ሲያስቀምጡ የሃይማኖት መፈክር አድርገው ነበረ፤ ክርስቲያን ነን፣ ድሉም የጌታችን ነው ማለታቸው ነው። ነገር ግን ቃሉ ከንጉሡ ስም ጋር ተያይዞ በተነበበ ቍጥር፣ አንበሳው ንጉሡ ራሱ እየመሰለ ሄደ። ለፈጣሪ የተሰጠው ምስጋና ቀስ በቀስ የፍጡር ማዕርግ ሆነ።

«ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ፣ የሾመህ እግዚአብሔር ነውና ለእርሱ መልስ ትሰጣለህ ይላል፤ ይህ ለንጉሥ የሚያስፈራ ቃል ነው። በሌላ ፊቱ ግን፣ የሾመህ ሕዝብ አይደለምና ለሕዝብ መልስ አትሰጥም ይላል። የመጀመሪያውን ፊት የሚያነቡ ካህናት ናቸው፤ ሁለተኛውን ያነበበው ሕግ አውጪው ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነቀፍ መሆኑን ደነገገ፤ ዙፋኑም ከእሳቸው ዘር እንዳይወጣ ወሰነ። ቀድሞ በተረት ብቻ የነበረው «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ቃል አሁን በአንቀጽ ተጻፈ ማለት ነው።

ጠላት የወሰደው ማዕርግ

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. መረብን ተሻገረ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ራሳቸው ጦሩን መርተው ተዋጉ፤ ግን ድል አልሆነም። ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ የኢጣልያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ እንዲጠራ አወጀ። ሮማ የተቀመጠ ንጉሥ ባንድ ሌሊት ማዕርጉን በወረቀት ወሰደው።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያውኳቸው ቢሞክሩም በአማርኛ ተናገሩ፤ ስለ መርዝ ጋዙና ትንንሽ አገሮችን ስለሚጠብቃቸው አደጋ አስረዱ። በዚያ ቀን ጦር፣ ግምጃ ቤት፣ አገርም በእጃቸው አልነበረም። ከማዕርጋቸው የቀረው ትርጉሙ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ስለ ሕዝብ ቆሞ መናገር ነው። በእኛ አስተያየት ንጉሠ ነገሥት የሚለው ስም ከዚያ ቀን ይልቅ ትልቅ ሆኖ የታየበት ቀን የለም።

በአምስቱ ዓመት በዱር በገደል የቆዩት አርበኞች፣ ከእንግሊዝም ጦር የተገኘው ርዳታ ተጨምሮ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ።

ጦር የሌለው ማዕርግ

ከድል በኋላ ትልቅ ለውጥ መጣ። በ1934 ዓ. ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ ገዥዎች ሁሉ ደመወዛቸውን ከማዕከላዊው መንግሥት እንዲቀበሉ፣ የራሳቸው ጦርም እንዳይኖራቸው ተደረገ። ይህ ሥራ ጥቅም ነበረው። ባላባት ከባላባት ሲዋጋ የገበሬው ሰብል መረገጡ ቀረ፤ አንድ ግምጃ ቤትና አንድ ጦር ተቋቋመ። ይህን የሚነቅፍ ሰው የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ ያላነበበ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉት ስሞች ቢቀሩም ውስጣቸው ባዶ ሆነ። ደጁን የማይጠብቅ ደጃዝማች፣ በፊት የማይሰለፍ ፊታውራሪ በዛ። ሹመት የሚገኘው በቤተ መንግሥት ደጅ በመጥናት ሆነ። ሁሉም ማዕርግ ከአንድ እጅ የሚሰጥ፣ በአንድ እጅም የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ባለ ማዕርጉ የሰጪውን ፊት ብቻ መመልከት ልማዱ ሆነ። ኢጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀም በአመፅ ተከሰው በ1937 ዓ. ም. አዲስ አበባ ላይ መሰቀላቸው በሕዝቡ ልብ ውስጥ ቍስል ትቶ አለፈ።

በ1948 ዓ. ም. ሁለተኛው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎችና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን የማይነቀፍ መሆኑም በዚህኛው እንደገና ተጻፈ።

የተዘጋው ደጅ

የዚህን ዘመን መልካም ሥራ መካድ ውሸት ይሆናል። የአየር መንገዱ ተቋቋመ፤ በ1943 ዓ. ም. በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተጠራው የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮርያ ዘመተ፤ በ1951 ዓ. ም. ቤተ ክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ አገኘች፤ በ1954 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ. ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። የትምህርት ሚኒስትርነቱንም ሥራ ለብዙ ዓመታት ራሳቸው ይዘውት ነበር።

ነገር ግን የተማረው ሰው በበዛ ቍጥር ጥያቄው በዛ፤ ጥያቄው የሚቀርብበት ስፍራ ግን አልተሠራም። በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥቱን ለመገልበጥ ሞከሩ። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ፤ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች በገነተ ልዑል ተገደሉ፤ ጄኔራሉም በስቅላት ሞቱ። ደም ከፈሰሰ በኋላ እንኳ የተለወጠው ጥቂት ነው። በ1957 ዓ. ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ መልስ አላገኙም።

በ1964 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥቱ 80ኛ ዓመት የልደት በዓል ተከበረ። በቀጠሉት ሁለት ዓመታት በወሎ ብዙ አሥር ሺህ ሰው በረኃብ አለቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን የረኃቡን ፎቶግራፍ አምጥተው ቢያሳዩም ነገሩ እንዲደበቅ ተፈለገ። እዚህ ላይ ተረቱን እናስታውስ። የወሎ ገበሬ ምስለኔው ቢበድለው ለወረዳ ገዥ፣ ወረዳ ገዥው ቢበድለው ለበላዩ፣ በመጨረሻም ለዙፋን ችሎት «አቤት» ማለት ይችል ነበር። ጥፋቱ የዙፋኑ ራሱ ሲሆን ግን ለማን ይበል? ከላይ ያሉት ባለ ማዕርጎች ሁሉ የሰጪውን ፊት የሚመለከቱ ስለ ነበሩ ክፉ ወሬ ይዞ የሚገባ ጠፋ። አንድ ሰው መስማት የማይፈልገውን ነገር የሚነግረው ሲያጣ፣ ምንም ብልህ ቢሆን ዕውር ይሆናል።

ማዕርጉ ሲወርድ

በጥር 1966 ዓ. ም. ነገሌ ቦረና ያለው ጦር ስለ ምግብና ስለ ውሃ አመፀ። በየካቲት ባለ ታክሲዎችና መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። በሰኔ የተቋቋመው ደርግ መንግሥቱን የበላው እንደ ምስጥ ከሥር እየቦረቦረ ነው። መጀመሪያ ሚኒስትሮቹን አሰረ፤ በነሐሴ የዘውድ ምክር ቤቱንና ዙፋን ችሎትን ዘጋ፤ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትን ስም ብሔራዊ ቤተ መንግሥት አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. መኰንኖች የ82 ዓመቱን ንጉሠ ነገሥት ከሥልጣን መውረዳቸውን አንብበውላቸው በቮልስዋገን መኪና ይዘዋቸው ሄዱ። ለጥቂት ወራት አልጋ ወራሹ ንጉሥ ይሆናሉ ተብሎ ነበር፤ በመጋቢት ዘውዱ ራሱ ተሻረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ. ም. ሞቱ። በጊዜው በሕመም ሞቱ ተባለ፤ በኋላ ግን በደርግ ባለ ሥልጣኖች ላይ በፍርድ ቤት በቀረበው ክስ መገደላቸው ተገለጸ። ዐፅማቸው በ1984 ዓ. ም. ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቈፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ. ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ክስ የማይቀርብባቸው የነበሩት ንጉሥ በመጨረሻው ሰዓት ራሳቸው ያለ ክስና ያለ ፍርድ ጠፉ። ከሳሽ የሚናገርበት ችሎት በሌለበት አገር ተከሳሽም ጠበቃ አያገኝም።

የሚያስደንቀው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ማዕርግን ሁሉ ሽሮ «ጓድ» የሚለውን ብቻ ያስቀረው መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ረዥም ስም ተመኘ። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ስም በራዲዮ ሲጠራ የፓርቲ ዋና ጸሐፊነቱ፣ የደርግ ሊቀ መንበርነቱ፣ የጦር አዛዥነቱ ሁሉ ተያይዞ ይነበብ ነበር። ግዕዙ ቀርቶ አማርኛ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ እንዲያውም «እግዚአብሔር ይጠይቀኛል» የሚለው ፍርሃት እንኳ ወጣበት።

ፍርዳችን

እኛ በዚህ ንጉሥ ላይ ለመፍረድ ዕድሜያችንም ዕውቀታችንም አይፈቅድም የሚለን ይኖራል። ታሪክ የምንማረው ግን ሚዛን ለመያዝ ነው። ሚዛናችንም ይህን ይላል፦ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትጉህና አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ መልካም ሥራቸውም ዛሬ በእጃችን አለ። የአፍሪካ ኅብረትም በ2011 ዓ. ም. በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሐውልታቸውን ያቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥፋቱ የተጀመረው «እምቢ» የሚላቸው ሰው ባለቀ ጊዜ ነው። አልጋ ወራሽ ሳሉ የሚቃወማቸውን እያሳመኑ ሠሩ፤ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ የሚያሳምኑት ሰው አላስፈለጋቸውም። በጃማይካና በሌላውም ዓለም ያሉ ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩባቸው «ራስ ተፈሪ» በሚለው ስም ነው። እነዚያ ሰዎች ይህን ያደረጉት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ለእኛ ግን ከማዕርጎቻቸው ሁሉ ይልቅ ሥራና ልክ የነበረውን ያስታውሰናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ንጉሥን ከሰው እጅ የሚያርቀው ተፈጥሮው ሳይሆን ሰዎች የሚያጽፉለት አንቀጽና የሚደረድሩለት ስም ነው። ሰዎች የሠሩትን ደግሞ ሰዎች ሊያሻሽሉት ይችላሉ። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ አንዳንዶቻችን መምህር፣ አንዳንዶቻችን ሐኪም፣ አንዳንዶቻችን ዳኛ ወይም ሹም እንባላለን። በዚያን ጊዜ አንድ ታናሽ ሰው በራችን ላይ ቆሞ «ተሳስተሃል» ቢለን፣ ከስማችን በፊት የተጻፈውን ማዕርግ ጋሻ አድርገን እንዳንመልሰው። ታናናሾቻችንም በዚህ ትምህርት ቤት ገና በምትቆዩበት ዘመን፣ የሰውን ማዕርግ ስታከብሩ ማዕርጉ የተሰጠበትን ሥራ መጠየቅን አትርሱ እንላለን።